የጭሱን ቀለም ሳያዩ ቀብድ አይስጡ

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ እኔና ባለቤቴ አያት አካባቢ አንድ ግቢ በር ላይ ቆመናል። ቦርሳዬ ውስጥ የሃያ ወር ዕቁብ አለ። ፊታችን ነጭ ደብል ጋቢና ፒካፕ ቆማለች፤ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ በፈረንጆቹ 1999 ሞዴል፣ ናፍጣ። ታጥባለች፤ ጎማዋ ሳይቀር ተቀብቶ ያበራል። ደላላው ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ባንዴ ተነሣ። ነዳጅ ጠለቅ አድርጎ ሲረግጥ ደግሞ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ቡልቅ አለ።

"ናፍጣ አይደለች እንዴ? ናፍጣ ማጨሱ ልማዱ ነው" አለን።

እኛም ራሳችንን ነቅንቀን ቀብዱን ሰጠን።

ይህን የምጽፍልዎ መካኒክ ስለሆንኩ አይደለም። የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። ሥራዬ ሰዎች አንድን ነገር እንዲፈልጉ ማድረግ ስለሆነ የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ቋንቋ ከማንም በላይ ሊገባኝ በተገባ ነበር። "ሞተሩ ያልተነካ" የሚለውን ሐረግ ሳይ፣ ያልተነካ ማለት ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያልተጠገነ ማለትም ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነበረብኝ። "በሐኪም የተያዘች" የሚለውም እንደዚሁ፤ ሐኪሙ የሰው እንጂ የሞተር አይደለም። ግን መኪናዋን ወደናታል፤ ሰው የወደደውን ነገር ሲያይ ደግሞ ጭሱን አያይም።

ፒካፗን የገዛነው ለሽርሽር አልነበረም። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ተቀጥሮ የሚሠራበት ቦታ ሠራተኛ ሲቀንስ ከወጡት አንዱ ነበር። የታሸገ ውኃ ከጅምላ እያመጣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት ላሉ ሱቆች ለማከፋፈል አሰበ፤ ከእርሱ ጉልበት፣ ከእኛ መኪና። ባለትዳር ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። ስለዚህ ያቺ መኪና ብትቆም የሚቆመው የእኛ የእሑድ መዝናኛ ሳይሆን የእነርሱ የወር አስቤዛ ነበር።

"ለምን አሮጌ ገዛችሁ?" የሚል አይጠፋም። እርስዎም ገበያውን ያውቁታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ እየበዛ ነው፤ ጥሩ ነው። ግን ውኃና ሲሚንቶ የሚጭን፣ ኮረኮንች የማይፈራ፣ በዕቁብ የሚገዛ ፒካፕ የሚፈልግ ቤተሰብ አሁንም የሚያገኘው እዚሁ አገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረውን ነው። ዋጋው ከዓመት ዓመት እየጨመረ፣ ሞተሩ ከዓመት ዓመት እየደከመ።

በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ግልጽ ሆነ። መኪናዋ ባዶዋን ስትሄድ ደህና ናት። እሽግ ውኃ ጭና የካራን ዳገት ስትይዝ ግን ከኋላዋ ያለው መኪና ሁሉ መስኮት ይዘጋል። ወንድማችን በመስታወት ወደ ኋላ ሲያይ መንገዱ አይታየውም። ናፍጣ የምትጠጣውም ካሰብነው በላይ ሆነ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ኮምፕሬሽን ለኩና ውጤቱን በወረቀት ጻፉልን፤ 24፣ 24፣ 23፣ 24 ባር። ከሥሩ "መሆን ያለበት 31" የሚል አለ። ፍርዱ አጭር ነበር፦ ሞተሩ ደክሟል፣ ይውረድ። ፒስቶን፣ ፋሻ፣ ካሚቻ፣ የቴስታታ ሥራ፣ ጉርኒሲዮን፣ የእጅ ዋጋ። ድምሩ 260 ሺህ ብር።

ያን ቀን ማታ እራት የበላ ሰው ቤታችን አልነበረም።

"ልጄ፣ እኛ የምንኖረው ተራራ ላይ ነው"

ገርጂ አካባቢ ዕድሜያቸውን በናፍጣ ሞተር ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ባለቤቴ "ጋሼ" ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ሞተር ከማስወረዳችን በፊት ሁለተኛ ሰው ይይልን ብለን ሄድን። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው አወረዱና ትንሽ ፈገግ አሉ።

"31 የሚለውን ከየት አመጡት?"

"ከፋብሪካው መመሪያ መሰለኝ።"

"ልክ ነው። መመሪያው ግን በባሕር ጠረፍ አየር የተጻፈ ነው። ልጄ፣ እኛ የምንኖረው ተራራ ላይ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተር የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው፤ ሲገባ ሩብ የጎደለ አየር ሲጨመቅም ሩብ ያህል የጎደለ ግፊት ይሰጣል። ስልኬን አውጥቼ 31ን በሦስት አራተኛ አባዛሁት፤ 23 ነጥብ ምናምን። ወረቀቱ ላይ ያለው 24፣ 24፣ 23፣ 24 ነው። ሞተሩ አልደከመም ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ ነው ያለው።

ጋሼ የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ምን ያህል ይቀራረባሉ? ሦስቱ 24 ሆነው አራተኛው 15 ቢሆን ኖሮ ያ ሲሊንደር ችግር አለበት፤ ሞተሩም መከፈቱ አይቀርም። በዚህ ሞተር መመሪያ የሚፈቀደው ልዩነት 5 ባር ያህል ነው፤ የእኛ 1 ነው። ሁለተኛው ምልክት ደግሞ ራሳችን ያየነው ነበር፦ ኅዳር በዚያ ብርድ ቁልፍ ሲዞር ባንዴ ተነሣች። ኮምፕሬሽኑ የሞተ ናፍጣ ጠዋት ጠዋት ሞቶሪኖ እስኪደክም ያስለፋል እንጂ እንዲህ አይነሣም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ። አሮጌ ናፍጣ መኪናዎን ኮምፕሬሽን አስለክተው "ዝቅ ብሏል" ሲባሉ፣ ከምን ዝቅ እንዳለ ይጠይቁ። የአራቱንም ቁጥር በወረቀት ይቀበሉ። ሞተር አንዴ ከወረደና ከተፈታ በኋላ "ደህና ነበር" የሚልዎ የለም።

ጥቁር ጭስ፦ ናፍጣው በዝቶ ወይስ አየሩ አንሶ?

ታዲያ ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ለምን ታጨሳለች? ጥቁር ጭስ ማለት ሳይቃጠል የቀረ ናፍጣ ጥቀርሻ ሆኖ ሲወጣ ነው። ምክንያቱ ከሁለት አይዘልም። ወይ አየሩ አንሷል፣ ወይ ናፍጣው በዝቷል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አየሩ ገና ከመነሻው አንሷል። ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች አየሩን እየገፉ ስለሚያስገቡ ጉድለቱን በከፊል ይሸፍኑታል። የእኛዋ ግን ባለ ስሪ ኤል ሞተር ናት፤ 2.8 ሊትር፣ ቱርቦ የሌላት፣ የምትተነፍሰው በራሷ ሳንባ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ፓምፑ ለቆላ አገር እንደተስተካከለ እዚህ ቢመጣ መጠነኛ ጭስ ቢያሳይ አይገርምም። በአንዳንድ ፓምፖች ላይ ከፍታን አይቶ ናፍጣ የሚቀንስ ክፍል አለ፤ በሁሉም ላይ ግን አይገኝም።

ይህን ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል። መኪናዋ ድሬዳዋ ስትሠራ የኖረች ከሆነ እዚያ ከፍታው ወደ 1,200 ሜትር ነው፤ አዳማም ወደ 1,700። እዚያ ሄደው አይተዋት ንጹሕ ብትሆን፣ ወደ እኛ ስትወጣ ጭስ ብትጀምር ሻጩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ከተቻለ ፈተናው እዚሁ፣ ዳገት ላይ፣ ዕቃ ተጭኖ ይሁን።

ጋሼ የጀመሩት ከሁሉም ከረከሰው ነበር። የአየር ፊልትሮውን አወጡና ሲሚንቶው ላይ ቀስ ብለው መታ መታ አደረጉት። የወጣው አቧራ አንድ ስኒ ይሞላል። በለሚ ኩራ የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ግማሹ ሰፈር ግንባታ ነው፣ መስኮት ዘግተንም ጠረጴዛችን በቀን ሁለቴ ይወለወላል። መኪናዋም የምትተነፍሰው ያንኑ ነው። በአዲስ ፊልትሮ ስትነሣ ጭሱ በግልጽ ቀነሰ፤ አልጠፋም ግን።

ቀጥሎ ኖዝሎቹ ተፈትተው ተሞከሩ። ጤነኛ ኖዝል ናፍጣን እንደ ሽቶ ብናኝ አድርጎ ይረጫል። የእኛ ሁለቱ ደህና ነበሩ፤ ሁለቱ ግን እንደ ላላ ቧንቧ ያንጠባጥባሉ። ጠብታ ደግሞ አይቃጠልም፣ ይጨሳል። መጨረሻ ላይ ፓምፑን ሲያዩ ጋሼ ዝም ብለው በጣታቸው አንድ ቡሎን አሳዩኝ። የፋብሪካ ማሸጊያው ተሰብሯል። ከእኛ በፊት የነበረ ሰው ጉልበት እንዲጨምር ብሎ ናፍጣውን ከፍቶታል።

"ይህ ደግሞ ይሠራል ወይ?" አልኳቸው።

"ይሠራል እንጂ። ለጊዜው ትሮጣለች፤ ከዚያ ሙቀቱ ፒስቶኑን ይበላዋል። አየር በሌለበት ናፍጣ ብትጨምሪ ለእሳቱ ምን ትጠቅሚዋለሽ?"

ቡሎኑን በግምት አልመለሱትም። ፓምፑ በማሽን ተለክቶ ተስተካከለ። ፊልትሮ፣ ሁለት የኖዝል ጫፍ፣ የአራቱም ሙከራ፣ ፓምፑና የእጅ ዋጋ አንድ ላይ 34 ሺህ ብር አወጣን። በቀጣዩ ቀን ወንድማችን እንደ ወትሮው ጭኖ ካራን ወጣ። እኔ በሥራ መኪና ከኋላው ነበርኩ፤ ማርሽ ሲቀይር ብቻ ቀጭን ግራጫ ነገር ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የጤነኛ አሮጌ ናፍጣ ጭስ ይህን ይመስላል፦ ሲረገጥ ለቅጽበት ይታያል፣ ፍጥነቱ ሲረጋ ግን አይታይም።

የሁሉም ሰው መኪና እንደ እኛዋ ላይሆን ይችላል። ከ2005 ሞዴል ወዲህ ያሉት ዲ ፎር ዲ የሚባሉ ሃይሉክሶች የሚታዘዙት በኮምፒውተር ነው፤ የሚጠመዘዝ ቡሎን የለም። እነርሱ ጥቁር ካጨሱ መጀመሪያ ፊልትሮውንና የቱርቦውን ጎማ ቧንቧዎች ያሳዩ፤ ከዚያ በኮምፒውተር ያስመርምሩ። የእነርሱ ኖዝል ውድ ስለሆነ "በሙከራ እንቀይር" የሚልዎን አይስሙ። የአይሱዙ ባለቤት ከሆኑም ቅድሚያ የጎማ ቧንቧዎቹን ይዩ፤ ከቱርቦ የሚወጣው አየር በአንዲት ስንጥቅ ከወጣ መኪናው ያው ቱርቦ እንደሌለው ነው። የፍሬን መያዝና ከአቅም በላይ መጫንም ጥቁር ጭስ ያመጣሉ። ይህን የምጽፈው ወንድማችን በኋላ እንዴት ይጭን እንደነበር ስላየሁ ነው።

ሰማያዊ ጭስ፦ ዘይት እየተበላ ነው

ከጥቁር ይልቅ ሊያስፈራዎ የሚገባው ሰማያዊው ነው። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት ሲቃጠል ነው፤ ሽታውም የተቃጠለ ዘይት ነው። ችግሩ ጠዋት በደመና ብርሃን ሰማያዊና ግራጫን መለየት ለዓይን ከባድ መሆኑ ነው። ለዚህ ጋሼ ያሳዩኝ ዘዴ ከቦርሳዎ የሚወጣ ነው፦ ሶፍት። ነጭ ሶፍት በረዘም ያለ እንጨት ጫፍ ላይ አስረው ጭሱ ከሚወጣበት አፍ ትንሽ ራቅ አድርገው ለግማሽ ደቂቃ ይያዙ። ደረቅ ጥቁር ብናኝ ከያዘ ናፍጣ ነው። ቅባት ሆኖ እንደ ወጥ ጠብታ ከተንሰራፋ ዘይት ነው። በእጅዎ አይያዙት፤ ይፋጃል።

ዘይት መሆኑን ካወቁ ቀጣዩ ጥያቄ መቼ ይታያል የሚለው ነው። ጠዋት ስትነሣ አንዴ ፉት ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ቁልቁለት በማርሽ ወርደው ነዳጅ ሲረግጡ ብልጭ የሚል ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቮላ ጎሚኒ ደርቆ ነው። ሌሊቱን ዘይት ቁልቁል ይንጠባጠባል፤ ጠዋት ይቃጠላል። ይህ ሞተር ሳይወርድ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ሁልጊዜ፣ በተለይ በጭነት ላይ፣ ያለማቋረጥ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ ግን ፋሻና ካሚቻ ማለቁን ይናገራል። ያኔ 260 ሺህ ያሉት ሰዎች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ቱርቦ ያለው መኪና ደግሞ በሚኒሞ ብዙ ቆይቶ ሲረገጥ ሰማያዊ ቢለቅ ከሞተሩ በፊት ቱርቦው ይታይ።

ፋሻውን በግቢ ውስጥ መፈተን ይቻላል። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ዘይት የሚሞላበትን ክዳን ይክፈቱና ገልብጠው ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡት። ትንሽ መንቀጥቀጥ ለናፍጣ ሞተር የተለመደ ነው። ክዳኑ ተፈናጥሮ ከወደቀና ከቀዳዳው እንደ ማንቆርቆሪያ ጭስ ከተግተለተለ ግን ቀብዱን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

ሻጮች የሚሠሩት አንድ ነገር አለ፤ ልንገርዎ። መኪና ሊሸጥ ሲል በጣም ወፍራም ዘይት ይሞላል፣ ወይም ጭስ የሚቀንስ ፈሳሽ ይጨመራል። ለቀናት ጭሱ ይደበቃል፤ ገዢው ወስዶ ዘይት ሲቀይር ይመለሳል። የሚያጋልጠው ሙቀት ነው። ስለዚህ በሰፈር ውስጥ አሥር ደቂቃ አዙረው አይመለሱ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይንዱ። ከመገናኛ በኮተቤ አድርጎ ካራ ደርሶ መመለስ ጥሩ ፈተና ነው፤ ዳገቱም፣ ቁልቁለቱም፣ የመገናኛ መጨናነቅም በአንድ ጉዞ ይገኛሉ። ከኋላ የሚከተልና በስልክ የሚቀርጽ ሰው ይኑርዎ። ጋቢና ውስጥ ሆነው ጭስዎን ማየት አይችሉም፤ እኛ ያልገባን ይህ ነበር። ሁለታችንም ገብተን ተቀመጥን!

ነጭ ጭስ፦ ሁሉም አንድ አይደለም

በታኅሣሥ ጠዋት ከመኪና ኋላ የሚወጣ ስስ ነጭ ነገር ከአፍዎ ከሚወጣው እንፋሎት አይለይም። ወዲያው ይበተናል፤ አይሸትም፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ለዚህ መካኒክ ጋ አይሂዱ።

ዓይን የሚያቃጥል፣ ጥሬ ናፍጣ የሚሸት፣ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ነጭ ጭስ ግን ናፍጣው ሳይለኮስ እየወጣ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ካንዴሌታውን ያስፈትሹ፤ ከመነሣቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቀው እርሱ ነው፣ ዋጋውም አያስደነግጥም። ሞቆም ካልጠፋ የፓምፑ ሰዓት ተዛብቶ ይሆናል። በእኛ ዓይነት ሞተር ፓምፑን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጊያ ስለሆነ አንድ ጥርስ እንኳ ከዘለለ እንዲህ ያደርጋል። መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሻጭ ካጋጠመዎ ዕድለኛ ነዎት።

ሦስተኛው ዓይነት የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር ሲገባ ነው። ወፍራም ነጭ ነው፣ ሞተሩ ሞቆም አያቆምም፣ ውኃው በየቀኑ ይጎድላል። መጻሕፍት ጣፋጭ ሽታ ይፈልጉ ይላሉ፤ ያ ሽታ የሚመጣው ግን ከኩላንት ነው። እኛ አገር ብዙው አሮጌ መኪና የቧንቧ ውኃ ስለሚሞላበት ሽታውን ቢጠብቁ አያገኙትም። ይልቅ ዘይቱን ይዩ፦ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሲያወጡ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከያዘ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ያስነሡት፤ ውኃው ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ ጉርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። በሞቀ ሞተር ላይ ግን ያንን ክዳን እንዳይነኩት፤ ፊት ላይ ይፈነዳል።

መኪናዋ የቤንዚን ከሆነች የሰማያዊውና የውኃው ነገር ያው ነው። ጥቁሩ ግን በቤንዚን መኪና ላይ ፈጽሞ "ልማድ" አይባልም፤ ቤንዚን እየፈሰሰ ነው፣ ካንዴላዎቹ ወጥተው ይታዩ።

ለቀጠሮው

ሻጩን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይቅጠሩት፤ ሞተሩንም ሳታስነሣ ጠብቀኝ ይበሉት። ሲደርሱ ከሰላምታ ቀጥሎ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ሞቆ ካገኙት የሆነ ሰው የሆነ ነገር ሊደብቅዎ ፈልጓል፤ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብለው ይሂዱ። ትሕትናዎን ሳይጥሉ። "ቦሎ አላት" የሚለውም አያሳምንዎ፤ የዓመቱ ምርመራ የሚናገረው ምርመራው ስለተደረገበት ቀን ነው። መካኒክ ይዘው መሄድ ከቻሉ ደላላው ያመጣውን ሳይሆን የራስዎን ይውሰዱ፤ የቀን አበሉን ይክፈሉት። እኛ ያን ዕለት አንድ ሺህ ብር ቆጥበን ነበር።

ልጆች ካሉዎ ደግሞ ጭሱ የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። በአሮጌ ደብል ጋቢና ላይ የኋላው ተንሸራታች መስታወት ተከፍቶ ሲነዳ ጭሱ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ልጆች ናቸው። መስታወቱን ይዝጉት። መኪናውንም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነሥተው አያሙቁ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ይህ ሁሉ የቀለም ትምህርት ለእርሱ አይሠራም።

የእኛዋ አሁንም ትሠራለች። ጥቁሩ ቆሟል፣ ናፍጣዋም ቀንሷል፣ ወንድማችን ሰሚት ውስጥ ብቻ አሥራ አንድ ሱቅ ይዟል። ግን ጠዋት ጠዋት ስትነሣ አንዲት ሰማያዊ ፉት አለች። ጋሼ ሰምተው "ጎሚኒው ነው፣ አይቸኩልም፤ ግን ጻፊው" አሉኝ። ስለዚህ ጋቢናዋ ውስጥ ደብተር አለ። ዘይት እስከ ምልክቱ ሞልተን ኪሎ ሜትሩን እንጽፋለን፤ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ምን ያህል እንደጎደለ እናያለን። እስካሁን ሦስት ጊዜ ጽፈናል፤ ሦስቱም ጊዜ ከግማሽ ሊትር በታች ነው። ከፍ ማለት የጀመረ ቀን እናሠራዋለን። እስከዚያው የጎረቤታችን እማማ ነጭ ነጠላቸውን ከማስጣታቸው በፊት "መኪናችሁ ወጣች?" ብለው ከአጥር ወዲያ ይጠይቃሉ።